የትኛውን ቀን እንቀባ? ስለ አይሮፕላን ሞዴል የመጨረሻ ቅብ አመራረጥ

ባለፈው የትምህርት ዘመን በማኅበራችን አዳራሽ ለተደረገው የእጅ ሥራ ትርኢት እኛ አራት ተማሪዎች ከካርቶንና ከስስ ጣውላ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሠርተን ነበር። አካሏን ለመቅረጽና ክንፏን ለማያያዝ ሁለት ሳምንት በቃን። በቀለሟ ለመጨቃጨቅ ግን አንድ ወር ሙሉ ፈጀብን። ቀለም የሥራ መጨረሻ ነው፤ ይህ ምን ያከራክራል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው አስበን ነበር። ዳሩ ግን ከብዙ ጠብና ከጥቂት ጥፋት በኋላ የተረዳነው ነገር ስላለ፣ ሞዴል መሥራት ለሚወዱም ሆነ ሞዴል ነክተው ለማያውቁ ጓደኞቻችን ብናካፍለው ይጠቅማል ብለን ይህን ጻፍን።

የመረጥናት አይሮፕላን «ፀሐይ» ናት። ፀሐይ በአገራችን የተሠራች የመጀመሪያዋ አይሮፕላን ስትሆን፣ ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ላይ ሠራት። ስሟም የተወሰደው ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1935፣ ማለት በ1928 ዓ.ም. በኅዳርና በታኅሣሥ መካከል ነበር። በዚያን ጊዜ የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን ድንበር ጥሶ ከገባ ሁለት ወር አልፎታል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች፤ አይሮፕላኗም ተማርካ ወደ ኢጣልያ ተወሰደች። ከሮማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዘመን ከቆየች በኋላ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት ለኢትዮጵያ አስረከባት። የተወለደችበትና የተመለሰችበት ዓመት ሲቆጠር 88 ዓመት ይሆናል።

እኛ እንግዲህ ይህን ሁሉ ታሪክ እያወቅን፣ አንደኛው ጓደኛችን ከመኪና ዕቃ መሸጫ ገዝቶ ያመጣውን የሚያንጸባርቅ ቀይ ቀለም ከላይ እስከ ታች ነፋንባት። አማረችብን። ትርኢቱ ከመድረሱ በፊት ግን በቢሾፍቱ አየር ኃይል በመካኒክነት ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ የሠፈር አባት ሊያዩልን መጡ። አገላብጠው ተመለከቱና «ልጆቼ፣ ይቺ አይሮፕላን የትኛው ቀን ላይ ናት?» አሉን። ነገሩ ስላልገባን «እንዴት አባባ?» ብንላቸው፣ አይሮፕላን እንደ ሰው ዕድሜ አለው፤ ከፋብሪካ የወጣ ዕለትና ከዘመቻ የተመለሰ ዕለት አንድ መልክ የለውም ብለው አስረዱን። የእኛዋ ግን ዝናብ ያየች፣ አቧራ የነካት፣ ሰው የተሳፈረባት አትመስልም ነበር። ከመኪና ቀለም በቀር ምንም አልነበረባትም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው።

፩ኛ፤ ቀኑን መምረጥ

ቀለም ከመግዛት በፊት የሚመረጠው ቀን ነው። ለምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት አይሮፕላን ዳግላስ ሲ-47 ነበር፤ ይኸውም ዲሲ-3 የምንለው አይሮፕላን የጦር ዓይነቱ ነው። ይህን ዓይነት አይሮፕላን የሚሠራ ሰው «ዲሲ-3 እሠራለሁ» ማለቱ አይበቃውም። ለጦር ጭነት የዋለበትን ዘመን ነው ወይስ መንገደኛ ያመላለሰበትን? አንዱ አካል ሁለት ልብስ አለው።

የቢሾፍቱም ሰማይ እንደዚሁ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከዚያ ይነሡ የነበሩት ኤፍ-86 ሴይበር ጄቶች ቀለም ያልተቀባ የብረት ገላቸው በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ከሩቅ ይታይ ነበር። በ1970ዎቹ የመጡት ሚግ-23ዎች ግን ከመሬት ጋር እንዲመሳሰሉ በተለያየ ቀለም የተዥጎረጎሩ ነበሩ። የመጀመሪያው ቅብ የሰላምና የሰልፍ ነው፤ መታየትን ይፈልጋል። ሁለተኛው የጦርነት ነው፤ መሰወርን ይፈልጋል። አንዱን የሌላውን ልብስ ያለበሰ ሞዴል ሠሪ ሳያውቀው ታሪክ አዛብቷል ማለት ነው።

የፀሐይም ቀን ሦስት ነው። በ1928 ዓ.ም. የበረረችበት ቀን አለ። በባዕድ አገር ሙዚየም ቆማ የታየችበት ዘመን አለ። ወደ አገሯ የተመለሰችበት ቀን አለ። ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ ሦስቱን አደባልቆ መቀባት ግን የትኛዋንም ፀሐይ አያሳይም።

፪ኛ፤ የሚያንጸባርቅ፣ ለስላሳና ደብዛዛ

የመጨረሻ ቅብ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቀው ነው። ሁለተኛው እንደ እንቁላል ልጣጭ ጥቂት ወዝ ያለው ለስላሳ ነው። ሦስተኛው እንደ ኖራ ግድግዳ ወዝ የሌለው ደብዛዛ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከቀለሙ ዓይነት ሳይሆን ከገጹ ነው። ገጹ ልሙጥ ሲሆን ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ይመለሳል፤ ስለዚህ ያንጸባርቃል። ገጹ በዓይን በማይታይ ሁኔታ ሻካራ ሲሆን ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ስለዚህ ይደበዝዛል። ደብዛዛ ቀለም የሚያደርጉትም ሻካራነት የሚሰጥ ደቃቅ ዱቄት በመጨመር ነው።

እንግዲህ «እውነተኛው አይሮፕላን የሚያንጸባርቅ ከሆነ ሞዴሉም ማንጸባረቅ አለበት» ማለት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን አይደለም። ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ሞዴል በግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ሆነን ስናይ፣ እውነተኛውን አይሮፕላን በ36 ሜትር ርቀት ላይ እንደ ማየት ነው። በመካከሉ ያለው አየርና አቧራ ቀለሙን ያፈዘዋል፤ ነጸብራቁንም ይቀንሰዋል። ይህን ለመረዳት ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። ከቢሾፍቱ ሆኖ ዝቋላን ማየት ይበቃል። ተራራው ከሩቅ ሰማያዊ ነው፤ ሲወጡት ግን አረንጓዴ ሣርና ዛፍ ነው። ተራራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ርቀቱ ነው።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሞዴል ሠሪዎች ቀለሙን እንዳለ ከቆርቆሮው አውጥተው አይቀቡም። ጥቂት ነጭ ይጨምሩበታል። በተለምዶ 72 ጊዜ ላነሰ ሞዴል ከመቶ 15 ያህል፣ 48 ጊዜ ላነሰ ከመቶ 10 ያህል፣ 32 ጊዜ ላነሰ ደግሞ ከመቶ 7 ያህል ነው። ሞዴሉ ባነሰ ቁጥር ነጩ ይበዛል። ጥቁርን እንደ ጥቁር፣ ነጭን እንደ ነጭ መቀባትም አይመከርም፤ ጥቁሩ ወደ ግራጫ፣ ነጩ ወደ አመድማ ጠጋ ቢል ለዓይን እውነት ይመስላል። በሰልፍ ላይ ለሚታይ ወይም ለመንገደኛ አይሮፕላን ለስላሳው፣ ለጦር አይሮፕላን ደብዛዛው ይስማማል። መስተዋት የሚመስለው ቅብ ለመጫወቻ መኪና ይቅር።

የቅቡም ውፍረት አይረሳ። አንድ ወፍራም የብሩሽ ቅብ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ72 ሲባዛ በእውነተኛው አይሮፕላን ላይ 7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሁለት ጊዜ ከተቀባ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ሊሞላ ምንም አይቀረው። እንዲህ ያለ ቀለም የተጫነበት አይሮፕላን ከመሬት ባልተነሣ ነበር! ስለዚህ ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ቅብ ይሻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

፫ኛ፤ ገላው ምንድን ነው?

ቀጥሎ የሚጠየቀው ከቀለሙ በታች ያለው ገላ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በብርማ ቀለም ነው።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈው አይሮፕላን ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ አይሮፕላን ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩት አብዛኞቹ አይሮፕላኖች፣ ፖቴዝም ጭምር፣ ክንፋቸው ጨርቅ የለበሰ ነው። ጨርቁ በክንፉ አጥንት ላይ ከተወጠረ በኋላ እንደ ከበሮ ቆዳ የሚያጠብቀው ፈሳሽ ይቀባል። ነገር ግን የፀሐይ ብርሃን ጨርቅን ያበሰብሳል። ይህን ለመከላከል በፈሳሹ ውስጥ የአሉሚኒየም ዱቄት ይጨመር ነበር፤ ዱቄቱ ብርሃኑን ይመልሰዋልና። ስለዚህ በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ብርማ ሆኖ የሚታየው ክንፍ ሁሉ ብረት አይደለም። ጨርቁን ከፀሐይ የሚጠብቅ ጃንጥላ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው ብር ፈዘዝ ያለ ነው፤ ፊት አያሳይም። ብርማ ቀለም በጥቂት ግራጫና በደብዛዛ ማለስለሻ ቢቀባ ይመስላል።

የዲሲ-3ና የሴይበር ብር ግን ሌላ ነው፤ እውነተኛ ብረት ነው። ለዚህ ብርማ ቀለም ከመቀባት ይልቅ ለምግብ መጠቅለያ የሚሆነውን የአሉሚኒየም ወረቀት በስሱ ኮላ ቀብቶ ማልበስ ይሻላል። ወረቀቱ አንድ ገጹ የሚያበራ፣ አንድ ገጹ ፈዛዛ ነው። አይሮፕላኑ ከብዙ ቁራጭ ብረት የተገጣጠመ ስለሆነ፣ አንዱን ቁራጭ በሚያበራው፣ ሌላውን በፈዛዛው ገጽ ማልበስ፣ አንዳንዱንም አዙሮ መለጠፍ ልክ እንደ እውነተኛው ያደርገዋል።

አንዳንድ ሰው አይሮፕላኑ አሮጌ እንዲመስል ቡናማ ዝገት ይቀባበታል። ይህ ስሕተት ነው። አሉሚኒየም እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ወይም እንደ ብረት ምስማር ቡናማ ዝገት አያወጣም። አየር ሲነካው ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ እየቆየ ግራጫ ይሆናል፤ ይፈዝዛል። በእኛ አካባቢ ለሚኖር አይሮፕላን እርጅናን የሚያሳየው ዝገት ሳይሆን አቧራ ነው። ከሞጆ እስከ መቂና ባቱ የሄደ ሰው የዚያን አቧራ ቀለም ከልብሱ ላይ ያውቀዋል። በጎማው ዙሪያና በሆዱ ሥር በደረቅ ብሩሽ ጥቂት ማሳረፍ ይበቃል። ከበዛ ግን አይሮፕላኑ የከሰል ጭነት መኪና ይመስላል።

፬ኛ፤ የፎቶግራፍ ምስክርነት

የእኛ ትልቁ ጠብ የተነሣው ከዚህ ነው። በእጃችን የነበረው የ1928 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነው። አንደኛው ጓደኛችን «ጥቁር የሆነው ቦታ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ መሆን አለበት» አለ። ሌላው «አይደለም፣ ቀይ ነው» አለ። ጉዳዩን ስንመረምር ሁለቱም በፎቶግራፉ ብቻ ሊረቱ እንደማይችሉ አወቅን። ምክንያቱም በዚያ ዘመን ይሠራባቸው ከነበሩት ፊልሞች አንዱ ዓይነት ቀይ ብርሃን አይሰማውም ነበር። በእንዲህ ያለ ፊልም ቀይ ነገር ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ሰማያዊው ግን ነጣ ብሎ ይወጣል። ቢጫውም ከሚገባው በላይ ይጠቁራል። ሌላው የፊልም ዓይነት ደግሞ ቀለሞችን ሁሉ ለዓይን በሚቀርብ መልክ ያሳያል። ፊልሙ የትኛው እንደ ነበር ሳያውቁ «ይህ ጥቁር ነው» ማለት፣ የሰውን ጥላ አይቶ የልብሱን ቀለም እንደ መናገር ነው።

በባንዲራችን ሦስት ቀለማት ክብ አርማ የሚሥል ሰውም በዚህ መጠንቀቅ አለበት። የትኛው ቀለም ከውጭ፣ የትኛው ከመካከል እንደሆነ በግምት ወይም በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አይወሰን፤ የዚያኑ ዘመን የዚያኑ አይሮፕላን ባለ ቀለም ሥዕል ፈልጎ ማየት ነው።

ታዲያ ከሙዚየም የተመለሰችውን ራሷን አይቶ መቀባት አይቻልም ወይ? ይቻላል። ነገር ግን በሙዚየም የሚቀመጥ ነገር ይታደሳል፤ ይጸዳል፤ ይቀባል። የዛሬ መልኳ የተመለሰችበትን ቀን በትክክል ይመሰክራል። ስለ ተወለደችበት ቀን ግን ብቻውን በቂ ምስክር አይሆንም።

፭ኛ፤ በአዳማ አየር እንዴት ይቀባል?

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። አዳማ የነፋስ ከተማ ናት። 34 ማማዎች ያሉት የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ማመንጫና 102 ማማዎች ያሉት ሁለተኛው በዙሪያዋ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ለመብራት የጠቀመ ነፋስ ግን ለቀለም ጠላት ነው። እኛ ቀዩን ቀለም ከቀትር በኋላ በግቢው ውስጥ ስንነፋ፣ ግማሹ ወደ ጓደኛችን ሸሚዝ ሄደ፤ በቀረው ላይ ደግሞ አቧራ እንደ በርበሬ ተነሰነሰበት። በተጨማሪም ፀሐዩ ሲበረታ የሚነፋው ቀለም ሞዴሉ ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ ይደርቅና እንደ አሸዋ ሻካራ ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ ማልዶ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ አንድ ገጹ የተከፈተ ትልቅ ካርቶን ውስጥ አስገብቶ መቀባት ነው። ወለሉን ውሃ ማርከፍከፍ አቧራውን ያሳርፋል። አየር የማይገባበት ክፍል ውስጥ ግን አይነፋ፤ የቲነር ሽታ ራስ ያዞራል፤ እሳትም ያቀጣጥላል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ስንጥቁ በስቱኮ ይደፈናል፤ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ከዚያ ግራጫ የመሠረት ቅብ ይቀባል። ግራጫው ጉድለትን ሁሉ ያጋልጣል፤ ያልተስተካከለውን መልሶ ማስተካከል እዚህ ላይ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ሥራው ከላይ አምሮ ውስጡ ለቄስ ይሆንበታል። ቀጥሎ ዋናው ቀለም በስሱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይቀባል። አርማና ጽሕፈት የሚለጠፍ ከሆነ መጀመሪያ የሚያንጸባርቅ ቅብ ይቀደማል፤ በደብዛዛ ሻካራ ገጽ ላይ የተለጠፈ አርማ ከሥሩ አየር ይይዝና ዙሪያው ይነጣልና። ከሁሉ በኋላ የተመረጠው ለስላሳ ወይም ደብዛዛ ቅብ ይለብሳል።

ቀለም ከቀለም ጋር ይጣላል። በዘይት ቀለም ላይ የመኪና ቀለም ቢነፋ፣ ጠንካራው ቲነር ከሥር ያለውን ያኮማትረዋል። ነጭ ፎምን ደግሞ ጨርሶ ይበላዋል። እኛ የፀሐይን አፍንጫ በመጀመሪያ ከነጭ ፎም ቀርጸነው ነበር፤ ቀለሙ በነካው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዓይናችን እያየ ቀለጠ። ፎሙ አስቀድሞ ውሃ በሚያቀጥነው ነጭ ኮላ ሁለት ጊዜ ቢሸፈን ኖሮ ይተርፍ ነበር። ማንኛውንም ቀለም አስቀድሞ በቁራጭ ላይ መሞከር ብልህነት ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው እንዳይሆን።

፮ኛ፤ በመጨረሻ ያደረግነው

ቀዩን ቀለም በሦስት ቀን ልፋት ፋቅነው። ከዚያ እንደገና ተከራከርን። አንዱ የተመለሰችበትን ቀን እንቀባ አለ፤ ማስረጃው በእጃችን ነውና። ሌላው ግን የተማረከችበትን ዘመን መልክ ተሸክማ ከምትቆም የተወለደችበትን ቀን ብናሳይ ይሻላል አለ። የሁለቱም ክርክር ልብ የሚነካ ነበር። ሆኖም የተወለደችበትን ቀን ለመቀባት ከእኛ ግምት በቀር ቀለም አልነበረንም። በግምት ቀብተን «ይህች ፀሐይ ናት» ብንል፣ ትርኢቱን ያየ ሁሉ ያንን ቀለም እውነት ብሎ ይዞ ይሄዳል። አንዴ በዓይን የገባ ነገር ደግሞ በቃል አይወጣም።

ስለዚህ የተወለደችበትን ቀን መረጥን፤ ቀለሟን ግን አልቀባንም። መላ አካሏን በጥሩ ሁኔታ አለስልሰን አንድ ወጥ ደብዛዛ ግራጫ አለበስናት። ከሥሯም ትንሽ ካርቶን አቆምን፤ በላዩም ቅርጿ ከፎቶግራፍ የተወሰደ መሆኑን፣ ግራጫው ግን የእኛ ምርጫ እንጂ የአይሮፕላኗ ቀለም አለመሆኑን ጻፍንበት።

በትርኢቱ ዕለት በአጠገቧ ያለፈ ሰው ሁሉ «ቀለሟን ሳትጨርሱ ነው እንዴ ያመጣችኋት?» ይለን ነበር። እኛም ስለ ቬበር፣ ስለ 1928 ዓ.ም.፣ ስለ ቪኛ ዲ ቫሌና ስለ ጥር 21 እየነገርን መልስ ስንሰጥ ዋልን። ቀይ ሆና ብትቆም ኖሮ «ታምራለች» ብለው ያልፉ ነበር እንጂ ይህን ሁሉ አይጠይቁንም ነበር።

በአጭሩ፣ ሞዴል የሚሠራ ጓደኛችን ቀለም ከመግዛቱ በፊት እነዚህን ይጠይቅ፤ የትኛውን ቀን ነው የማሳየው? ከምን ያህል ርቀት ላይ ነው የሚታየው? ገላው ጨርቅ ነው ወይስ ብረት? ምስክሬ ምንድን ነው? ምስክሩ ካላለቀ ደግሞ፣ ያወቀውንና የገመተውን ለይቶ ይጻፍ።

ቀዩን ቀለም የገዛው ጓደኛችን ግን እስከ ዛሬ አልተረታም። የተረፈውን ቀለም ከአልጋው ሥር አስቀምጦታል፤ የ1928 ዓ.ም. ባለ ቀለም ማስረጃ በተገኘ ዕለትና ማስረጃውም ቀይ ከሆነ፣ ያን ጊዜ እንገናኛለን ይለናል። እኛም ቢሆን ብሩሽ ለመያዝ ዝግጁዎች ነን።